ለእረፍት የተላለፈ መርዶ

ልጄን ፈንታነሽን ቀብረን የተመለስን ዕለት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሸዋረጋ ድንኳኑ መሀል ቆሞ «ለልጅቱስ ማን ይንገራት?» አለ። ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። ልጅቱ ጸዳለ ናት፤ የፈንታነሽ አንድ ፍሬ፣ የእኔ የልጅ ልጅ። ኮሌጅ ገብታለች። ኮሌጁ ያለበትን ከተማ ስሙን አልጠራውም፤ ስም የሚጠራው ለሚከበር ነገር ነው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለማያውቅ ልናገር፣ ዘንድሮ የማያውቀው በዝቷልና። ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ገና ከአልጋው ሳይወርድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ በሩን ይቆረቁራል። ከፊት አንድ ደፋር ይቆማል፤ ከኋላ የሚይዙ፣ ውሃ የሚረጩ ሴቶች ይቆማሉ። ሰውየው በሩን ከፍቶ ሕዝቡን ሲያይ ይገባዋል። ማንም አፉን ሳይከፍት ይጮኻል፤ ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ያለውን ጥሎ ይሮጣል። በስልክ አይነገርም። ለብቻም አይኬድም፤ መርዶ ለብቻው ይዞ የሚሄድ ጠላት ነው።

ኮሌጁ ግን ከደም ዘመድ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስገባው፤ ያንንም በጠራራ ፀሐይ፣ በቀጠሮ። ስለዚህ እኔው ሄድኩ። ደግሞስ ከእኔ ከትርንጎ በላይ ማን ሊሄድ ኖሯል? ከጀማ ወንዝ ወዲህም ወዲያም ሙሾ የማወርደው እኔ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የቆጠሩት ግን አባታቸው ሲሞት መኪናቸውን አቁመው በራፌ ላይ ይለምኑኛል። እኔ የገባሁበት ድንኳን ውስጥ ደረቅ ዐይን ይዞ የወጣ የለም። የገዛ ልጄን ግን ገና አላለቀስኳትም። መቃብሯ አፋፍ ላይ ቆሜ አፌ ደረቀ። «ደንግጣ ነው» አሉ። አልደነገጥኩም። ፈንታነሽን የማለቅሳት ከጸዳለ ጋር ስለሆነ ነው። ሁለት ቀርተናል። የእናት ለቅሶ ልጅ ሳትኖርበት አይወርድልኝም።

ጥቁሬን አውልቄ ነጭ ለበስኩ። ያዘቀዘቅኩትን ነጠላ መልሼ እንደ ደኅና ሰው አጣፋሁ። ገና ከሩቅ አይታኝ እንዳትጮህ ብዬ ነው። አውቶቡሱ ሹፌር የለውም፤ የሚሰደብ ሰው አጥቼ ዝም ብዬ ሄድኩ።

በሩ ላይ ዘበኛው ዘንቢሌን ከፈተ።

«ምንድን ነው እናቴ?»

«ዳቦ ቆሎ።»

«አይገባም።»

«ለምን፣ ይናከሳል?»

«ዘይት አለው። ጨውም አለው።» ፊቱን አላጠቆረም፤ እንዲያውም የሚያዝንልኝ ይመስላል። «እኔ ባስገባው እንኳ አትበላውም። ጓደኞቿ አያስበሏትም።»

«ጓደኞቿ ሞግዚቶቿ ናቸው?»

«ከዚያም በላይ ናቸው» አለና ዳቦ ቆሎውን አንድ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ደፋው። ዕቃው እንደ ሰው ዋጥ አደረገው። ከዚያ አንጓዬ ላይ የእንግዳ አምባር አሰረልኝ። አምባሩ ገላዬ ላይ ትንሽ ከሞቀ በኋላ ቢጫ ሆነ።

«ልብዎ ከብዷል ይላል።»

«እውነቱን ነው።»

«ኀዘንተኛ ነዎት። ኀዘንተኛ በቀጥታ አይገባም እናቴ። ማዕዷን ልጥራልዎት፤ እዚያ ማረፊያው ውስጥ ይቀመጡ።»

ማዕድ የሚሉት አንድ ክፍል የሚያድሩ አምስት ተማሪዎችን ነው። አንዷ የበላችው፣ የተኛችው፣ የተራመደችው፣ የልቧ ምት ሳይቀር ከአራቱ ጋር ይደመርና በራቸው ላይ አንድ መብራት ይሆናል። አረንጓዴ ከሆነ ይማራሉ። ቀይ ከሆነ አምስቱም ሻንጣቸውን ይሸከማሉ። በእኔ ወጣትነት ቀበሌው አንድ ለአምስት እያለ ያደራጀን ነበር። እኛ ግን ስብሰባው ላይ እንቅልፋችንን ጠግበን እንመለሳለን። እነዚህ ስብሰባም የላቸው፣ አለቃም የላቸው። አያስፈልጋቸውም።

የማረፊያው አንዱ ግድግዳ መስተዋት ነው፤ ከወዲያው ተማሪው ምሳውን ይበላል። ተቀምጬ አየሁ። አምስት አምስት ሆነው ከበዋል፤ ትሪው ግን ለየራስ ነው። ማዕድ ይሉታል እንጂ አንዱ የሌላውን ትሪ አይነካም። አንዷ ስታኝክ አራቱ ጉንጯን ያያሉ። ፈጠን ብላ የዋጠች እንደሆነ አንደኛዋ በጣቷ ጠረጴዛውን መታ መታ ታደርጋለች፤ ያቺም ቀስ ትላለች። አንዱ «ውሃ» ሲል አምስቱም ብርጭቋቸውን ያነሣሉ። አንድ ጎረምሳ የጎመኑን ግንድ ወደ ትሪው ጥግ ገፋ አደረገ። አራቱ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። አልተቆጡትም፤ አንድ ቃል አልወጣቸውም። እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁት። ጎረምሳው አንገቱን ደፍቶ ግንዱን በላው። ያኔ ሳቁለት፤ አንዱም ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው።

የሚፈሩት በየአንጓቸው የታሰረውን አምባር መስሎኝ ነበር። ይህን ያህል ስመለከታቸው አንድም ልጅ አምባሩን ዞር ብሎ አላየውም። እርስ በርስ ነበር የሚተያዩት።

ወንድሜ በእኛ ጊዜ ኮሌጅ ገብቶ ነበር። ከግቢ ሲመጣ ዐይኑ ደም ለብሶ፣ ጉንጩ በጫት ተነፍቶ፣ ደረቱ በሲጋራ እያፏጨ ነው። እናታችን «ይሄን ማን አስተማረህ?» ስትለው «ጓደኞቼ» ይላል። ዶክተር መክሮታል፣ ቄስ ገዝቶታል፣ እናቴ ጡቷን ይዛ ለምናዋለች። ጓደኞቹን ነው የሰማው። እነዚህንም የሚያሠራቸው ያው ጓደኛ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ወንድሜ ሲፈልግ ከጓደኞቹ ይጣላ ነበር።

ቀጠን ያለች፣ ቆዳዋ እንደ ተወለወለ ዕቃ የሚያበራ ልጅ ገባች።

«እማማ ትርንጎ? እንኳን ደኅና መጡ። ኬብሮን እባላለሁ፤ ከጸዱ ጋር አንድ ክፍል ነን።» አገላብጣ ሳመችኝ። አሳሳሟ የቤት ልጅ አሳሳም ነው፤ ወደድኳት። ከዚያ በኋላ የሆነውም ይህን አላስቀየረኝም።

«ጸዳለ የታለች?»

«እየመጣች ነው። ልጆቹ እያረጋጓት ነው።»

«ምን ሆና?»

«ምንም አልሆነችም። እንግዳ ሲመጣ ሁላችንንም ያረጋጉናል።» አጠገቤ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እማማ፣ ምን ይዘው እንደመጡ አልጠይቅዎትም። አምባርዎ ነግሮናል። ቅዳሜ ግን ሚዛን አለብን፤ ማዕዱ ሁሉ የሚመዘንበት ፈተና ነው። በሚዛን ሳምንት የአንዳችን ልብ ከተረበሸ በራችን ቀይ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ወድቀናል፤ ከእንግዲህ ምሕረት የለንም። በእግዜር፣ ዛሬ አይንገሯት።»

«አንቺ ማነሽና ነው የእኔን አፍ የምትለጉሚው?»

«ማንም አይደለሁም። ግን እኔም አባቴ ሞቶብኛል።» ቀና አለች። «እነሱ ናቸው ያሳለፉኝ። ጸዱ እጄን ይዛኝ ነው የዋለችው፤ ክፍል ስገባ፣ ስበላ፣ ስራመድ እጄን አለቀቀችም። በራችን ለአንድ ቀን እንኳ ቀለም አልለወጠም።»

ኮርታ ነው የተናገረችው።

«ኋላስ አለቀስሽለት?»

«ክረምት ላይ ፈቃድ ሰጥተውኝ ነበር» አለችና መስተዋቱን ማየት ጀመረች።

እሺ አልኳት። ማን አለብኝ ብዬ አልተጣላሁም፤ እሺ ነው ያልኳት። የእኛም ወግ ይኸው ስለሆነ ነው። ፈተና ላይ ላለ ተማሪ መርዶ አይነገርም። እናቱ ተቀብራ፣ ልጁ ወረቀቱን እስኪጨርስ ድረስ «ጠበል ሄዳለች» የተባለለት ቤት ብዙ ነው፤ እኔም ብያለሁ። ቅዳሜ ይለፍ፣ ተመልሼ እመጣለሁ አልኩ። ለዛሬው ስሜያት፣ አንገቷን አሽትቼ፣ የአገር ወሬ አውርቼላት ልሂድ።

ሞኝነቴ ይህ ነው። ለአፌ ስጠነቀቅ ለቀሪው ገላዬ ሳልጠነቀቅ ቀረሁ።

ጸዳለ መጣች። አምሮባታል፤ መቼም አልዋሽም። ጥርሷ ነጭ፣ ዐይኗ የጠራ፣ ክንዷ የሞላ፣ እንደ ተቀለበ ወይፈን የምታበራ ልጅ ሆናለች። ፈገግ ብላ ነበር የመጣችው። በሩ ላይ ስታየኝ ቆመች። ፈገግታው እንዳለ ቀረ፤ ከሥሩ ያለው ፊት ግን ወደቀ።

«እማማ» አለች። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እንጂ፣ ማን ልሁን? ነይ ሳሚኝ!»

አልተንቀሳቀሰችም። ነጩን ቀሚሴን አየች፤ ነጠላዬን አየች፤ እጄን አየች።

«ደኅና ነሽ?»

«ምን እሆናለሁ፣ እንደ ድንጋይ ደኅና ነኝ።»

«አንቺ ደኅና ነሽ» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

ኬብሮን ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «ጸዱ፣ እዪኝ። እኔን እዪ።»

ጸዳለ እኔን ነው ያየችው። «አምባሬ ነግሮኝ ነበር እማማ። ‹በቤተሰብሽ ኀዘን ደርሷል፤ ማን እንደሆነ አሁን ትሰሚያለሽ ወይስ በእረፍት?› አለኝ። ተማከርን። በእረፍት አልን።»

«ማን እንደሞተብሽ ሳታውቂ?»

«ያሉኝ ሁለት ሰዎች ናችሁ። እማዬና አንቺ።» ትንፋሿን በአፍንጫዋ ሳበች፣ በአፏ አወጣች። «አንቺ መስለሽኝ ነበር። አንቺ አርጅተሻል፤ አንቺ ነሽ ብዬ ደኅና ሰንብቼ ነበር።»

አልተቀየምኳትም። እኔም ብሆን ያንኑ እመርጥ ነበር። ጋሽ ሸዋረጋ የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ ውሃ የሚረጭ የለ፤ በሁለት እግሬ ቆሜ በመታየቴ ብቻ መርዶውን ነገርኳት። አንድ ቃል ሳልተነፍስ።

ይህን ፊት አውቀዋለሁ። የምኖርበት ሙያ ነው። መጀመሪያ ሰውየው ዝም ይላል፣ አንድ ሰው ከሩቅ የጠራው ይመስል። ከዚያ ጉልበቱ ይከዳዋል። ከዚያ ጩኸቱ ይመጣል፤ ከሆድ ነው የሚመጣው፣ ወልዶ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጩኸቱ ከወጣ ሰው ይድናል፤ ከዚያ ወዲያ የእኔ ሥራ ነው፣ ጩኸቱን በግጥም እያሰርኩ አወርደዋለሁ። ጸዳለ ዝም አለች። ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ። አፏ ተከፈተ።

ሦስት ልጆች እየሮጡ ገቡ፤ የቀሩት የማዕዷ ልጆች ናቸው። አምባራቸው ጠርቷቸዋል። ከኬብሮን ጋር ሆነው ከበቧት። አንዷ ደረቷ ላይ መዳፏን አኖረች፣ አንዷ ጀርባዋን፣ ሁለቱ እጆቿን ያዙ። «ሳቢ... ያዢ... ልቀቂ» ይላል የአምስት ሰው ድምፅ፣ እንደ አንድ ሰው። እሷም አብራ ትላለች። ትከሻቸው እኩል ይነሣል፣ እኩል ይወርዳል። ኬብሮን ግንባሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ «የኔ ቆንጆ፣ አለን፣ እኛ አለን» ትላታለች። የፍቅር ድምፅ ነበር። እኔ የውሸት ፍቅር በሩቁ ይሸተኛል፤ ይሄ የውሸት አልነበረም። እንደዚያ የሚዋደዱ ልጆች አይቼ አላውቅም።

«ልቀቋት!» አልኩ። «ተዉአት ትጩህ!»

«እማማ፣ አምስታችንም እንባረራለን» አለች ኬብሮን፤ ዞር እንኳ ሳትል።

«ተባረሩ! አገር አላችሁ! እናቷ እኮ ናት የሞተችው!»

ጸዳለ ከመሀላቸው አየችኝ። እርጅኝ የሚል ዐይን ነበር። አግዢኝ እናቴን ላልቅስ ማለቷ ነው ወይስ ዝም በዪልኝ ማለቷ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እኔ እንዲሆን የምፈልገውን ወሰድኩ። ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ አጣመርኩ፣ ልጄ ከሞተች ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ የቆመውን አወረድኩት፦

ፈንታዬ ፈንታዬ እያልኩ ስጠራሽ፣
በማን ፈንታ ሄድሽ እኔ ሳለሁልሽ?

ድምፄ አልከዳኝም። መስተዋቱ ነዘረ። ወዲያ ማዶ የሚበሉት ሁሉ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ዞሩ። ዘበኛው በሩ ላይ መጥቶ ባርኔጣውን አወለቀና ዐይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ድንጋይ የሚያስለቅስ ግጥም ነበር፤ በሕይወቴ ካወረድኩት ሁሉ እሱን አስቀድመዋለሁ።

ጸዳለ ተነፈሰች። ሳበች፣ ያዘች፣ ለቀቀች። ከንፈሯ መንቀጥቀጡን ተወ። አንጓዋ ላይ ያለው ቢጫ ደበዘዘ፣ ደበዘዘና አረንጓዴ ሆነ።

«ጎበዝ!» አለች አንዷ። «ጎበዝ ጸዱ!» አሉ ሌሎቹ። ላቧን ጠረጉላት፣ አቀፏት፣ ሳሟት። ከመስተዋቱ ወዲያ አንዳንዱ አጨበጨበላት። ጸዳለም ሳቀች። እንደ ወለደች ሴት ደክሟት ሳቀች።

ዘበኛው ክንዴን ያዘ። «እናቴ፣ አሁን ይሂዱ» አለኝ፤ አልገፋኝም።

«እማማ!» አለች ጸዳለ ከኋላዬ። «ውሃ ጠጪ እሺ? መንገዱ ሩቅ ነው።»

ክረምት ገባ። ፈቃዷ ነሐሴ ላይ ነበር፤ ኮሌጁ ለኀዘን የሚሰጣት ጊዜ። አምባሯን አውልቃ መጣች፤ አንጓዋ ላይ ነጭ ክብ ትቶባታል። ጎረቤቱን ሰብስቤ ጠበቅኳት። እያንዳንዱን ጨበጠች፣ «አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ጋሽ ሸዋረጋ ሊያቅፋት እጁን ዘርግቶ ሳለ እጁን ይዛ «የደም ግፊትዎን ይከታተላሉ?» አለችው። ሰው ንፍሮውን ቀምሶ፣ እርስ በርሱ እየተያየ ወጣ። ቅዳሜ የነበረው ሚዛን እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳት። አንደኛ ወጡ አለችኝ። የእነሱ ማዕድ ለሌሎቹ ምሳሌ ተብሎ በስብሰባ ተመስግኗል። «በእኔ ምክንያት» አለች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቁርሷን ጨርሳ፣ በግቢው ዙሪያ ተራምዳ ገባችና የእናቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አልጋውን እንዳለ ነው የተውኩት። አንሶላውን በእጇ አለሰለሰችው።

«እማማ፣ አሁን ይቻላል» አለች።

«ምኑ?»

«ማልቀስ። ፈቃድ አለኝ። እነኬብሮንም እዚህ የሉም።» አየችኝ። «እንዴት ነው የሚጀመረው?»

«አይጀመርም ልጄ። ይመጣል።»

«ካልመጣስ?»

የሰው ልጅ ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እናቷ ስትወልዳት እንዴት እንዳማጠች ነገርኳት። እዚሁ አልጋ ላይ ታማ ሳለች «ጸዳለን እንዳትነግሯት፣ ትምህርቷ ላይ ናት» እንዳለች ነገርኳት። በመጨረሻዋ ቀን ጠዋት የእሷን ስም እንደ ጠራች ነገርኳት። ራሷን እየነቀነቀች ትሰማለች። ደረቷ ሞላ ሲል አየሁት፣ በዐይኔ በብረቱ አየሁት፤ ወዲያው ትከሻዋ ተነሣ፣ ቆየ፣ ወረደ። ሳታውቀው ነው። ሊመጣ የነበረው ተመለሰ።

«አትተንፍሺ!» አልኳት።

«እ?»

«እንደዚያ አትተንፍሺ። ተዪው ይምጣ።»

«አልቻልኩም» አለች። «ሌላ አተነፋፈስ አላውቅም እማማ።»

«በይ አፍሽን ክፈቺ። ስሟን ጥሪ። ጮኸሽ ጥሪያት።»

«እማዬ» አለች፤ ክፍል ውስጥ ስም እንደሚጠራ ሰው።

«ጮኸሽ!»

«እማዬ! እማዬ!» ዐይኗን ጨፈነች፣ ፊቷን ጨመደደች፣ ጡጫዋን ጨበጠች፣ ያላትን ጉልበት ሁሉ አሰባሰበችና ጮኸች። ረጅም፣ ወጥ፣ ቀጥ ያለ ድምፅ ነበር። ትንፋሿ ሲያልቅ ቆመ።

አጥር ለአጥር የምንኖረው አበቡ ከወዲያ ሆና «ትርንጎ! ምን ወደቀባችሁ?» አለች።

ምንም አልወደቀም አልኳት። ለጩኸት ያለውን ጥሎ የሚሮጥ ሰፈር ነው፤ አንድም ሰው አልሮጠም። ለቅሶ የመሰለው አልነበረም።

ጸዳለ ዐይኗን ገለጠች። ደረቅ ነው። ጉንጯ ቀልቷል፣ ግንባሯ ላይ ላብ አለ፤ ሥራዋን ጨርሳ መምህር ፊት እንደቆመች ልጅ ፊት ፊቴን ታየኛለች።

«ልክ ነው እማማ?»

በሕይወቴ የውሸት ለቅሶ አይቼ ያለፍኩበት ቀን የለም። የባለሥልጣን ሚስት ከነጥቁር ከፋይዋ ከድንኳን አስወጥቻለሁ፤ «ለቅሶሽ ሲበስል ተመለሺ፣ አሁን ገና ሊጥ ነው» ብያታለሁ፣ በሰው ፊት።

የልጅቱን ላብ በነጠላዬ ጠረግሁላት።

«ልክ ነው» አልኳት።